የጃፓን የሴንቻ ቤት አንኮበር አፋፍ ላይ ሲሰራ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ አናጢ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምሰራው። ጃፓን ብዙ አመት ኖራ የመጣች ደንበኛ አለችኝ፣ ወደ አንኮበር ሲኬድ አፋፉ ላይ ቦታ ገዝታለች፣ እና እዛ ላይ ትንሽ የጃፓን ሻይ ቤት ስራልኝ አለችኝ። እኔም ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ፎቶ አይቼ ፕላን ቢጤ ሳልኩላት፣ በሩ አጭር ሆኖ በጉልበት የሚገቡበት፣ መስኮቱ ጠበብ ያለ፣ ውስጡ ጨለምለም ያለ። ስታየው "ይሄ የማቻ ነው፣ እኔ የምፈልገው የሴንቻ ነው" አለችኝና ለስራ ወደ ውጭ ሄደች፣ እስክትመለስ መሰረቱን ማውጣት አለብኝ። ልዩነቱ ምንድነው? ከምን ልጀምር? የእኛንስ ብርድ ይችለዋል ወይ?
አናጢው፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደንበኛህ ልክ ናት። ያየኸው ፎቶም ትክክለኛ የጃፓን ቤት ነው፣ ግን የሌላ ስርዓት ቤት ነው። የማቻው ስርዓት ላይ አረንጓዴ ሻዩ እንደ ዱቄት ይፈጭና ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በቀርከሃ መምቻ ይመታል። የዛን ቤት መልክ አስይዞ የሄደው በ1591 እ.ኤ.አ. የሞተው ሴን ኖ ሪክዩ ነው። የእሱ ስራ ነው የሚባለው ታይአን ኪዮቶ አጠገብ ያማዛኪ ውስጥ ዛሬም አለ፣ የእንግዳው ክፍል ሁለት ታታሚ ብቻ ነው፣ ታታሚ የጃፓኖቹ የወለል ምንጣፍ ነው፣ አንዱ 90 በ180 ሴንቲ አካባቢ ነውና አስበው፣ ሁለት ሰው ቢተኛበት የሚሞላ ማለት ነው። የእነዚህ ቤቶች በር ብዙ ጊዜ ከ66 ሴንቲ ብዙ አይበልጥም፣ ጌታውም ሎሌውም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ሳሙራዩ ሰይፉን ውጭ ይተዋል። ጨለማውና ጥበቱ ሆን ተብሎ የመጣ ነው፣ ሰው ከውጭው ዓለም ተለይቶ እሳቱና ሳህኑ ላይ ብቻ እንዲያተኩር።

ሴንቻ፣ ቅጠሉ ሳይፈጭ የሚዘፈዘፈው ሻይ፣ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። ኢንገን የሚባል ቻይናዊ መነኩሴ በ1654 ናጋሳኪ ገባ፣ በ1661 ደግሞ ከኪዮቶ ደቡብ ኡጂ ላይ ማንፑኩጂ የሚባለውን ገዳም መሰረተ፣ ገዳሙ ሲሰራ በቻይና የሚንግ ዘመን አሰራር ነው የተሰራው፣ ቅጠሉን ሳይፈጩ ዘፍዝፎ የመጠጣት ልማድም ከነዚህ መነኮሳት ጋር ነው ስር የሰደደው። በ1738 እዛው ኡጂ አካባቢ ናጋታኒ ሶኤን የሚባል ሰው ቅጠሉን በእንፋሎት አፍኖ፣ በእጅ አሽቶ የማድረቁን ዘዴ አወጣ ይባላል፣ ዛሬ ሴንቻ የምንለው ሻይ ከዛ ነው የሚመዘዘው። እኔ ግን ከሁሉም ልብ እንድትለው የምፈልገው ባይሳኦ የሚባለውን ሽማግሌ ነው። የዛው ገዳም ወገን የሆነ መነኩሴ ነበር፣ ከ60 አመቱ አካባቢ ጀምሮ ኪዮቶ ውስጥ የሻይ እቃውን በትከሻው ተሸክሞ ዛፍ ስር፣ ወንዝ ዳር፣ አበባ በፈካበት ቦታ እየዘረጋ ሻይ ይሸጥ ነበር፣ ዋጋ አይቆርጥም፣ የቀርከሃ ቀፎ ያስቀምጣል፣ ሰው የፈለገውን ይጥልበታል። ባለቅኔውም ሰዓሊውም እሱ ጋር ቁጭ ብሎ ይጫወታል። በ1763 ነው ያረፈው። እና ይሄን የምነግርህ ለታሪክ ብዬ አይደለም፣ ፕላንህ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። ሴንቻ መጀመሪያ የተጠጣው ግድግዳ በሌለበት ነው፣ በኋላ ቤት ሲሰራለትም ቤቱ ያንን የውጭ ቦታ እንዳይዘጋ ተጠንቅቀው ነው የሰሩት። ጎንበስ ብሎ የሚገባበት በር የለውም፣ ጨለማ የለውም፣ ሰፊ ክፍት፣ ብዙ ብርሃን፣ ፊት ለፊት ተራራ ወይ ውሃ፣ ውስጡ ደግሞ ጨዋታ።

ለምሳሌ ራይ ሳንዮ የሚባለው ታሪክ ጸሐፊና ባለቅኔ በ1828 ኪዮቶ ውስጥ ካሞ ወንዝ ምዕራብ ዳር ላይ የሰራው ሳንሺ ሱይሜይ ሾ የሚባል ትንሽ ቤት አለ፣ እስከዛሬ ቆሟል። ሳር ክዳን ነው። ዋናው ክፍል አራት ታታሚ ተኩል ነው፣ በእኛ ልክ 2.7 በ2.7 ሜትር አካባቢ፣ ቤቱ ወደ ምስራቅ ይከፈታል፣ ቁጭ ብለህ ወንዙን ከዛ ባሻገር የሂጋሺያማን ተራሮች ታያለህ። ቦታህን ካየኸው ያንተም ወደ ምስራቅ ነው የሚያየው፣ አፋፉ ወርዶ ወርዶ ወደ አፋር ቆላ። እኔ ብሆን ሌላ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ደንበኛህ ቁጭ የምትልበትን ነጥብ መሬቱ ላይ አገኝ ነበር። ምንጣፍ ይዘህ ሂድና ተቀመጥ፣ ጠዋትም ከሰዓትም፣ የቱ ቋጥኝ የቱ ሸንተረር ከየት እንደሚታይ እይ፣ ከዛ ቤቱን በዛ ነጥብ ዙሪያ አቁመው። መሰረት ከወጣ በኋላ እይታ አይዞርም።

እና አናጢዎች ሁሉ የምንስተው ነገር ይሄ ነው፣ ይሄን በደንብ ያዝልኝ። ቤት ስንሰራ ቆመን ነው የምናስበው፣ የመስኮት ደፍ 90 ሴንቲ ወይ አንድ ሜትር ላይ እናስቀምጣለን። እዚህ ቤት ውስጥ ግን ሰው ወለል ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አይኑ ከወለሉ 75 እስከ 80 ሴንቲ አካባቢ ላይ ነው የሚሆነው፣ መስኮቱን እንደለመድከው ከሰራኸው ደንበኛህ ሰማይ ብቻ ነው የምታየው፣ ገደሉ አይታያትም። ስለዚህ ደፉን ወደ 35 ሴንቲ አውርደው፣ ክንድ የሚያስደግፍ ከፍታ ማለት ነው፣ በምስራቁ በኩል እንዲያውም እስከ ወለል ድረስ ክፈተውና ተንሸራታች በር አድርገው፣ ከዛ ውጭ በኩል 90 ሴንቲ የሚሆን የእንጨት በረንዳ። ከታች ገደል ስለሆነ በረንዳው ላይ መከታ የግድ ነው፣ ልጅም ይመጣል ሽማግሌም ይመጣል። መከታውን ግን አይን እንዳይከልል ቀጫጭን ፍርግርግ አድርገው። ማንፑኩጂ ገዳም ላይ ያሉት መከታዎች በቀጥታ እንጨት ብቻ የሚጠላለፉ የቻይና ዲዛይን ናቸው፣ የሴንቻ ቤቶችም ከዛ ብዙ ተውሰዋል፣ ፎቶውን ፈልገህ እየው፣ ለእጅህ ደስ የሚል ስራ ነው። ክብ መስኮትም ይወዳሉ፣ አንድ ብቻ በጎን ግድግዳ ላይ ብታወጣ ያምርበታል፣ ከሁለት ሶስት በላይ ከሆነ ግን ጌጥ ይበዛና ጨዋታው ወደ ቤቱ ይዞራል።

ፀሐዩ ላይ ደግሞ ጃፓኖችን ዝም ብለህ አትከተል። ኪዮቶ 35 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ በብርድ ወራቸው እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 32 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ነው ከፍ የምትለው፣ ስለዚህ ቤታቸውን ወደ ደቡብ ከፍተው ጣሪያውን ረዘም አድርገው ቢያወጡትም በብርድ ጊዜ ፀሐዩ ከስሩ ገብቶ ወለሉን ያሞቃል። አንኮበር 9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ስለሆነች በታህሳስም እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፣ ረጅም የጣሪያ ክንፍ ካደረግክ እኩለ ቀን ላይ አንድም ጨረር አይገባልህም። አንተን የሚያሞቅህ የጠዋቱ የምስራቅ ፀሐይ ነው፣ ዝቅ ብሎ በቀጥታ ይገባል፣ ከዛ ውርጭ ሌሊት በኋላ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለአንተ አልነግርህም። ምስራቁን ክፈት፣ ሰሜንና ምዕራቡን ድፈን፣ የጣሪያ ክንፉን ምስራቅ ላይ 90 ሴንቲ አድርገህ በዝናብ በኩል ትንሽ ጨምርበት።

ብርዱን በተመለከተ፣ ሾጂ የሚባለው የወረቀት በር ብቻውን አይችለውም፣ ጃፓንም ውስጥ ብቻውን አይተዉትም። ከውጭ በኩል ማታ ማታና በማዕበል ጊዜ የሚዘጋ የጣውላ ተንሸራታች አላቸው፣ ቀን ቀን ወደ ጎን ይሰበሰባል። አንተም ሁለት ሐዲድ አውጣ፣ ውጭ ጣውላ ውስጥ ወረቀት። መስታወት ቢገባበትም ነውር የለውም፣ ከቆላው ጉም ሲነሳና ነፋሱ ሲገርፍ እይታው ሳይጠፋ ብርዱ ብቻ ውጭ ይቀራል። ለወረቀቱ ጃፓኖቹ ከኮዞ ዛፍ ልጥ የሚሰራ ጠንካራ ወረቀት ነው የሚጠቀሙት፣ ደንበኛህ ከዛው ይዛ ትምጣልህ፣ ቀላል ነው ሻንጣ አይሞላም።

ወለሉን ከመሬት 45 ሴንቲ ያህል አንሳው፣ ቋሚዎቹ መሬት ውስጥ ሳይቀበሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁሙ፣ ድሮ እነሱም እንዲሁ ነበር የሚሰሩት፣ ምስጡንም እርጥበቱንም ያርቅልሃል። ከስር ነፋስ ስለሚገባ ግን ጣውላውን ሁለት ድርብ አድርገህ መሀሉ ላይ የሆነ ነገር ጠቅጥቅበት፣ ታታሚ ካልተገኘ የመንዝ ዝተት ከስር ከላይ ሰሌን ብታደርግበት ይሞቃል ያምራልም። ግድግዳው አዲስ አይሆንብህም፣ የጃፓን የጭቃ ግድግዳ የቀርከሃ ፍርግርግ ላይ ከገለባ ጋር በደንብ የተቦካ ጭቃ ተመርጎ ነው፣ ጭዱና ጭቃው አብሮ ብዙ ጊዜ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል፣ ጎበዝ መራጊ ካገኘህ ሲሚንቶ አታስነካው። በምዕራብና በሰሜን በኩል ግን የሀገርህን ድንጋይ ግንብ፣ ነፋሱን የሚያቆመው እሱ ነው፣ የጃፓን ቤት አይመስልም ብለህ አትስጋ፣ የሴንቻ ቤት ልክና መጠን የሚወስን ጥብቅ ህግ የለውም፣ እያንዳንዱ ባለቤት እንደ ቦታውና እንደ ምርጫው ነው ያሰራው። እንጨት ላይ ባህርዛፍ ከሆነ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥቡ ተጣሞ ተንሸራታች በርህን ይዞ ያስቸግርሃል፣ ጥድ ከሆነ ደግሞ በፈቃድ የተቆረጠ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትግዛ፣ የቀረችን ጥድ ጥቂት ናት።

ውስጡን አታብዛበት። አንዱ ግድግዳ ላይ ቶኮኖማ የሚባል ገባ ያለ ቦታ አለ፣ ስዕል ወይ ጽሑፍ የሚሰቀልበት፣ ስሩ አበባ ወይ ፍራፍሬ ወይ ብዕርና ቀለም የሚቀመጥበት፣ የሴንቻ ሰዎች ጸሐፊዎችና ሰዓሊዎች ስለነበሩ እቃቸው ይሄ ነው። ወርዱ 90 ሴንቲ ቢሆን ይበቃል። እንግዶቹ ብዙ ጊዜ አምስት ናቸው፣ ስኒውም አምስት አምስት ሆኖ ነው የሚዘጋጀው፣ ስለዚህ አራት ታታሚ ተኩሉ ክፍል ይበቃሃል፣ ትንሽ የእቃ ማጠቢያና የከሰል ማቀጣጠያ ክፍል ከጎኑ ጨምርበት።

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ ነው የምነግርህ። ውሃው ርዮሮ በሚባል ትንሽ የሸክላ ምድጃ ላይ በከሰል ነው የሚሞቀው። ያ ከሰል ብዙ በተከፈተ ክፍል ውስጥ ችግር የለውም፣ አንተ ግን ብርድ ፈርተህ መስኮቱን ሁሉ ግጥም አድርገህ ከደፈንከው ሰው ይገድላል፣ ጭሱ ባይታይ ሽታውም ባይኖር። ደብረ ብርሃን ላይ ከሰል አስገብቶ ተኝቶ ያልተነሳ ሰው ታሪክ ያልሰማ የለም። ከጣሪያው ስር ፊት ለፊት ሁለት መተንፈሻ አውጣ፣ የማይዘጋ፣ ደንበኛህም ዝጋው ብትል አትዝጋው። ከሰሉም ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ሲሆን ይግባ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። እኔ እንኳ ትልቅ ሴት ነኝ፣ ልጄ መሀል ሜዳ የእንግዳ ማረፊያ አለውና ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ የጃፓን ቤት ልስራ ብሎ ተነስቷል። ቆርቆሮ ላልብሰው ይላል፣ እኔ የጓሳ ሳር ይሻላል እላለሁ፣ ተከራከርን። ደግሞ እኔን ጉልበቴን ያመኛል፣ መሬት ቁጭ ብዬ ሻይ አልጠጣም። ለመሆኑ ጃፓንና እኛን ምን አገናኘን?
ከመሀል ሜዳ

መልስ፦ እትዬ፣ ጤናዎን ይስጥልኝ። በክዳኑ እርስዎ ነዎት ያሸነፉት፣ ለልጅዎ ያንብቡለት። ቆርቆሮ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ፣ በረዶ ከተጨመረበት ደግሞ፣ አጠገብዎ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም፣ ሴንቻ ደግሞ ለጨዋታ የሚቀርብ ሻይ ነው፣ ሰው የማይደማመጥበት ክፍል ምን ይሰራል። ሳር ክዳን ድምጹን ይውጠዋል፣ ሌሊት ብርዱን ያግደዋል። ጃፓኖቹም ሳር ክዳን ቤት የሚከድኑት በተራራ በሚበቅል ረጅም ሳር ነው፣ ዳገቱን 45 ዲግሪ አካባቢ አድርገው ነው የሚያቆሙት ውሃው ሳይገባ እንዲንሸራተት፣ ልጅዎም ጣሪያውን እንዳያለዝበው፣ ለዘብ ያለ ጣሪያ ላይ ሳር ይበሰብሳል። ጓሳውን ግን ከየትም አይጨደው፣ መንዞች ያንን ሳር ቄሮ በሚባለው የድሮ የጥበቃ ስርዓታቸው እየዘጉና እየከፈቱ ለመቶዎች አመታት ጠብቀው አቆይተውታል፣ አሁንም ማህበረሰቡ የሚጠብቀው ቦታ ነው፣ ሲከፈት በወጉ ተጠይቆ ተፈቅዶ ነው የሚታጨደው፣ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዛው ሳር ውስጥ ነው የሚኖሩት። ይሄን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ልጅዎ እንዲያውቀው ነው የጻፍኩት።

ለጉልበትዎ አይጨነቁ፣ ሴንቻ በጠረጴዛና በወንበርም ይቀርባል፣ ውጭ ሜዳ ላይም ይቀርባል፣ መሬት ካልተቀመጡ አይሆንም የሚል የለም። ልጅዎ በወንበር ከወሰነ ግን አስቀድሞ ይወስን፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይኑ 1.15 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚሆን የመስኮቱ ደፍ ወደ 65 ሴንቲ ከፍ ይላል፣ ሁለቱን አይነት አቀማመጥ አንድ መስኮት አያስተናግድም። ካልሆነ ከፊሉን ወለል ዝቅ አድርጎ ወንበሩን እዛ ላይ፣ ሰሌኑን ከፍ ባለው ላይ ያድርግ፣ የሁሉም አይን እኩል ይሆናል። ይሄ ለእኔ የሚጥመኝ ነው፣ እናትና ልጅ አብረው ይጠጡበታል።

ጃፓንና እኛን ምን አገናኘን ላሉት፣ ከሩቅ አይደለም የምነግርዎት፣ የመርሐቤቴ ተወላጅ የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም በንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ጃፓን ሄደዋል፣ ያዩትንም ጽፈው አሳትመዋል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም ሲረቀቅ ከ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ተወስዷል። አገር ከአገር ሲማር የኖረ ነው፣ ልጅዎ ደግሞ የቤት አሰራር ቢማር ምን ክፋት አለው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በደንብ አይፈላም ይሉኛል፣ ታዲያ የጃፓን ሻይ ይበላሻል? ደግሞ እዛ ቤት ውስጥ ቡናችንን ብናፈላ ስርዓቱን ማቃለል ነው ወይ?
ከደብረ ሲና

መልስ፦ ውሃው ይፈላል፣ የሚፈላው ግን በዝቅተኛ ሙቀት ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች በ90 እና በ91 ዲግሪ መሀል። ለሴንቻ ይሄ ችግር አይደለም፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ወደ 70 ወይ 80 ዲግሪ እስኪወርድ ይጠበቃል፣ ግዮኩሮ የሚባለው ምርጡ ቅጠል እንዲያውም 50 እና 60 ላይ ነው ጣፋጭነቱን የሚሰጠው፣ በጣም በሞቀ ውሃ ከተደረገ ይመራል። የደጋ ሰው ስኒው ቶሎ እንዳይቀዘቅዝበት ብቻ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ያለቅልቀው።

ቡናውን በተመለከተ የሚከለክል ስርዓት የለም፣ የቤቱ ባለቤት ከፈቀደ። ግን ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስና ዕጣኑ የወረቀቱን በር በአጭር ጊዜ ያጠቁረዋል፣ ጭቃውም ሽታውን ይይዛል፣ ከዛ በኋላ ሴንቻ ሲቀርብ የቅጠሉን ስስ ሽታ ማንም አያገኘውም። ስለዚህ በረንዳው ላይ ይቆላ፣ ጀበናው እዛው ይጣድ፣ ሲቀዳ ብቻ ወደ ውስጥ ይግባ። አናጢው ወንድማችንም ይሄን ካነበበ በረንዳውን አንድ ጥግ ላይ ሰፋ አድርጎ ወለሉን በድንጋይ ይስራው፣ ከሰል የሚቀመጥበት ቦታ እንጨት አይሁን።